የጀፎሮው ሌላኛው ጫፍ

አባቴ ቅቤ ነጋዴ ነው። ወልቂጤ ገበያ ውስጥ ቅቤ ሲገዛ ብታዩት ትስቃላችሁ። ሻጯ በኮባ ጠቅልላ ያመጣችውን ትፈታለታለች። መጀመሪያ ያሸታል። ከዚያ ከኪሱ ቀጭን እንጨት ያወጣና መሀል ለመሀል ሰክቶ ይመዘዋል። እንጨቱ ላይ የቀረውን በጣቱ አሽቶ ያየዋል፣ ይቀምሰዋል። በዚህ ያበቃ ከመሰላችሁ አባቴን አታውቁትም። ቅቤውን ይገለብጥና ከታች በኩል እንደ አዲስ ይጀምራል። ሴቶቹ «ኧረ እኚህ ሰውዬስ!» እያሉ ያማርሩታል። እሱ ግን ሁልጊዜ አንድ መልስ አለው፤ «ከላይ ያለውማ መቼም ቅቤ ነው»። የተፈጨው ሙዝ የሚገኘው መሀል ላይ ነው።

እኔ የዚህ ሰውዬ ልጅ ነኝ። በጋዜጠኝነት ተመርቄያለሁ። «ምንጭህን አጣራ» ሲባል ዓመታት ሰምቻለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌ ኤ አግኝቼበታለሁ። ይሁንና ከላይ ብቻ ቀምሼ ለሕዝብ የሸጥኩት አንድ ዜና አለ። የዛሬው ወጌ ስለሱ ነው። ውስጡ ፊዚክስ አለበት፤ ግን አትሽሹ። እኔም ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሶሻል የገባሁት ፊዚክስን ፈርቼ ነው።

* * *

ቀኑ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2025። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ እሠራበት የነበረው ጣቢያ ስሙ ይቅር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ሰማዕታት ስናወራ ውለን አመሻሹ ላይ አለቃዬ መጣና «ለነገ ጠዋት ቀለል ያለች የቴክኖሎጂ ወሬ ፈልጊልኝ» አለኝ። ኢንተርኔቱን ስከፍት ዓለም ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት «ማዮራና 1» የሚባል፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ቺፕ ሠርቷል። ጠጣርም፣ ፈሳሽም፣ ጋዝም ያልሆነ አዲስ የቁስ ሁኔታ ተፈጥሯል። ቺፑ ላይ ስምንት ኩቢቶች ተቀምጠውበታል፤ ንድፉ ግን አንድ ሚሊዮን እንዲይዝ ነው። የዛሬ ኮምፒውተሮች የማይሞክሩትን ስሌት የሚሠራው ማሽን በአሥርት ዓመታት ሳይሆን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደርሳል ተብሏል።

ሁለት ደቂቃ የምትሞላ ዜና ጻፍኩ። «ሳይንቲስቶች አዲስ የቁስ ሁኔታ ፈጠሩ» ብዬ ጀመርኩ። መሀል ላይ «ኩባንያው እንዳለው» የምትል ሐረግ ነበረች። ጮክ ብዬ ስለማመድ አፌ ላይ ከበደችኝና ሰረዝኳት። ማንም ጋ አልደወልኩም። ያነበብኩት የኩባንያውን የራሱን ገጽና እሱን የገለበጡትን ነው። ቤቴ ገብቼ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ዜናዋ እንደማንኛውም የጠዋት ወሬ ተሰምታ ብትረሳ ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን ማሙሽ አለ።

ማሙሽ የቤታችን መጨረሻ ልጅ ነው። ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ ስሙ ግን እቤት ውስጥ ማሙሽ ሆኖ ቀርቷል። ያኔ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበር፤ ፊዚክስ። «ደርሶት ነው?» ብላችሁ እንዳታዝኑለት፤ መርጦ ነው። እዚህ ላይ አጎታችን ይገባል። አጎቴ መርካቶ ሱቅ አለው። ልጆቹ ውጭ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ዕድሜው ገፍቷል። «ልጁን ስጡኝ፤ ፊዚክስ ተምሮ ምን ሊሸጥ ነው?» ብሎ ለአባቴ ላከ። የጉራጌ ልጅ የሆነ ያውቀዋል፤ ከመርካቶ የመጣ እንዲህ ያለ ጥሪ እምቢ የሚባል አይደለም። አባቴ ልቡ አዘንብሎ ነበር። ማሙሽ ለፋሲካ ሲመጣ ሊነግረው አስቧል።

የካቲት 13 ጠዋት አባቴ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ድምፄን ሰማ። ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሰማ። ማታ ለአጎቴ ደወለለት። «ልጁ ይማር» አለው። «እህቱ ራሷ በሬዲዮ ተናግራለች፤ ነገሩ ተገኝቷል።»

«ነገሩ» ምን እንደሆነ አባቴ አያውቅም። አጎቴም አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ግን ለወንድሜ ዓመታት ገዛሁለት ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

መጋቢት ሲገባ ከማሙሽ አጭር መልእክት መጣችልኝ። «የገምጋሚዎቹን ፋይል አይተሽዋል?» ትላለች። «የምን ፋይል?» ብዬ መለስኩ። ወዲያው ደወለ። ክፍል ውስጥ ዜናዬን ሲያወራ አንድ መምህሩ ሰምተው ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቦት እንደሆነ ጠይቀውታል። አላነበበም። አንብብ አሉት፤ አነበበ። ከዚያ እኔን ጠየቀኝ።

* * *

ነገሩን ሦስት ጊዜ አስረዳኝ፤ በሦስተኛው ገባኝ። እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በ1911 ሆላንድ ውስጥ ላይደን ከተማ ሄይክ ካመርሊንግ ኦነስ የተባለ ሰው ሜርኩሪን ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ አቀዘቀዘው። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ድንገት ጠፋ። እንዲህ ያለውን ቁስ ሱፐርኮንዳክተር ይሉታል። ምክንያቱ በደንብ የታወቀው በ1957 ነው፤ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አንድ ላይ ይጓዛሉ፤ ጥንዶቹን የሚያደናቅፍ የለም። ሰሚኮንዳክተር ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ነው። እሱ እንደ ቧንቧ ነው፤ ከፈለጋችሁ ትከፍቱታላችሁ፣ ካልፈለጋችሁ ትዘጉታላችሁ።

ሁለቱን አጥብቃችሁ ብታጣብቋቸው ምን ይሆናል? አያቶቻችን መልሱን ያውቁታል፤ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች። ከሱፐርኮንዳክተር ጎን የዋለ ሰሚኮንዳክተርም የጥንድነቱ ጠባይ ይጋባበታል። ሳቅ ሳቅ ብሎኝ ይህን ለማሙሽ ስነግረው «በትክክል!» አለኝ። በሕይወቴ ፊዚክስ ላይ የተመሰገንኩት ያኔ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። የሚፈለገው እንግዳ ነገር እንዲፈጠር ማግኔትም ያስፈልጋል። ማግኔትና ሱፐርኮንዳክተር ደግሞ አይዋደዱም። የኤሌክትሮን ጥንዶች አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እየዞሩ ነው የሚጣመሩት፤ ማግኔቱ ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ሊያዞራቸው ሲሞክር ያፋታቸዋል። ይህ ጠብ በአገራችንም ሲጠና ኖሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ ገብረእግዚአብሔር ካህሳይ ሱፐርኮንዳክተርነትና ማግኔትነት በአንድ ቁስ ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፎች አሳትመዋል። ካጠኗቸው ቁሶች አንዱ ሆልሚየም፣ ሞሊብደነምና ድኝ ያሉበት ውህድ ነው። ጉደኛ ነገር ነው፤ ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ማግኔትነት ይመጣበትና ሱፐርኮንዳክተርነቱን ያስጥለዋል። ማሙሽ ይህን ያነበበው ስልኩ ላይ ነው። «ላብራቶሪ አያስፈልገውም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው» ይላል፣ ዓይኑ እየበራ።

በ2010 ሁለት ቡድኖች ተለያይተው እየሠሩ ለዚህ ጠብ አንድ ዓይነት መላ አመጡ። በአንደኛው ሉትቺን፣ ሳው እና ዳስ ሳርማ ነበሩ፤ በሌላኛው ኦሬግ፣ ሪፋኤል እና ቮን ኦፐን። መላው ሽማግሌ ማስገባት ነው። ኢንዲየም አንቲሞናይድና ኢንዲየም አርሴናይድ በሚባሉት ሰሚኮንዳክተሮች ውስጥ የኤሌክትሮኑ አዟዟር ከአካሄዱ ጋር የተሳሰረ ነው። ይህ ትስስር በማግኔቱና በጥንዶቹ መሀል ገብቶ ያስታርቃል። ስለዚህ አዘገጃጀቱ ይህ ነው፤ ከፀጉር ዘለላ በመቶዎች እጥፍ የቀጠነ የሰሚኮንዳክተር ክር ውሰዱ፤ ሱፐርኮንዳክተር አልብሱት፤ ከሕዋው ብርድ በባሰ ብርድ ውስጥ አስገቡት፤ በርዝመቱ ማግኔት አሳርፉበት፤ ከዚያ ቧንቧውን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ።

ሁሉ ነገር ከተስማማ የክሩ ሁለት ጫፎች ላይ አንድ ነገር ብቅ ይላል። ማዮራና ይሉታል።

* * *

ስሙ የሰው ስም ነው። ኤቶሬ ማዮራና ጣሊያናዊ ነበር። በ1937 የራሱ ተቃራኒ ራሱ የሆነ ቅንጣት ሊኖር ይችላል ብሎ ጻፈ። በመጋቢት 1938 ከፓሌርሞ ወደ ኔፕልስ በመርከብ እሄዳለሁ ብሎ እንደወጣ ቀረ፤ 31 ዓመቱ ነበር። ዜና ብሆን እኔም እንዲህ ያለ ስም እመርጥ ነበር። ከስድስት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ2001፣ አሌክሴይ ኪታየቭ የተባለ ፊዚሲስት የማዮራናን ሐሳብ ከሕዋ አውርዶ ክር ላይ አስቀመጠው።

ይህን ክፍል ማሙሽ ያስረዳኝ በጀፎሮ ነው። ጀፎሮ ያላያችሁ ካላችሁ በጉራጌ መንደር ቤቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት እየተያዩ ይሠራሉ። መሀላቸው ያለው ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ሣር የለበሰ ሜዳ ጀፎሮ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ይቦርቅበታል፣ ሠርግም ለቅሶም ይደርስበታል፣ ሽማግሌም ይቀመጥበታል። ቸሃ የሚገኘው የአያታችን ቤት በጀፎሮው ላይኛው ጫፍ በኩል ነው። እዚያ ቆማችሁ የታችኛው ጫፍ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አታዩም።

«ክሩ ጀፎሮ ነው በይ» አለኝ ማሙሽ። «አንድ ኤሌክትሮን አለ። አልተሰበረም፤ ግን ግማሹ እላይኛው ጫፍ፣ ግማሹ እታችኛው ጫፍ ነው ያለው። ምስጢር ብትሰጪው እንደዚያው ለሁለት ይከፍለዋል። እላይኛው ቤት መጥቶ ጆሮውን የደቀነ ወሬኛ ምንም አያገኝም።»

ሰው ሁሉ ይህን ነገር የሚያሳድደው ለዚህ ነው። የኳንተም ኮምፒውተር መረጃ የሚቀመጥባቸው ኩቢቶች ሲበዛ ስስ ናቸው፤ ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ ረብሻ ያጠፋቸዋል። መረጃው ግን በሁለት ጫፍ ተከፍሎ ከተቀመጠ አንዱ ጫፍ ላይ የመጣ ረብሻ ብቻውን አያጠፋውም። ይህ እንግዲህ ተስፋው ነው።

እንዴት ይታወቃል ታዲያ? በአንዱ ጫፍ ኤሌክትሪክ ይሰዳሉ። ማዮራና ካለ ቮልቴጁ ዜሮ ላይ ሲሆን አንድ ከፍታ ብቅ ይላል። እልልታ በሉት። በ2012 በዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የሊዮ ካውወንሆቨን ቡድን ይህን እልልታ ሰማ። ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ዓለም ተደሰተ። ማይክሮሶፍት በ2016 ካውወንሆቨንን ቀጠረ። በ2018 ቡድኑ ኔቸር ላይ ይበልጥ ደማቅ ነገር አወጣ። የከፍታው ልክ ንድፈ ሐሳቡ የተነበየውን ቁጥር አክሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል አለ።

ግን እልልታ የሠርግ ብቻ ነው እንዴ? እኛ መንደር ልጅ ሲወለድም እልል ይባላል። ለመስቀል ልጅ ከአዲስ አበባ ሲገባም እልል ይባላል። እላይኛው ጫፍ ቆሞ እልልታ የሰማ ሰው «ሠርግ አለ» ብሎ ቢያወራ፣ ታች ወርዶ ድንኳኑን ሳያይ ነው ያወራው። ክሩ ውስጥም እንደዚያ ነው። ትንሽ ቆሻሻ፣ ትንሽ መዛባት ካለ አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ የተቀመጠ፣ ከሌላኛው ጫፍ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ተራ ሁኔታ ይፈጠራል፤ እሱም ያንኑ ከፍታ ያሳያል። አንድሬቭ ይሉታል። አንድሬቭና ማዮራና በአንድ በኩል ብቻ ሲደመጡ ድምፃቸው አንድ ነው።

ከ2012ቱ ጽሑፍ ደራሲዎች ሁለቱ፣ ሰርጌይ ፍሮሎቭና ቪንሰንት ሙሪክ፣ በኋላ ከቡድኑ ወጥተው ነበር። የ2018ቱን ጽሑፍ ጥሬ መረጃ ጠየቁ። ሲያገኙት ከመደምደሚያው ጋር የማይሄዱ ልኬቶች ሳይታተሙ ቀርተዋል። ጽሑፉ በመጋቢት 2021 ተሰረዘ፤ ደራሲዎቹም በቂ ጥንቃቄ አላደረግንም ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ጉዳዩን የመረመሩት ገለልተኛ ባለሙያዎች ሆን ተብሎ የተፈጠረ ውሸት አላገኙም። ያገኙት ሰዎቹ በደስታቸው መወሰዳቸውን ነው።

ይህችን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩ። ውሸታም ሰው እኔን አይመስለኝም፤ አዝኜለት አልፈዋለሁ። በደስታው የተወሰደ ሰው ግን እኔ ነኝ። ወንድሜ እንዲማር ፈልጌ ነበር። ዜናዋ ትልቅ እንድትሆን ፈልጌ ነበር። «ኩባንያው እንዳለው» የምትለዋን የሰረዝኳት አፌ ላይ ስለከበደች ብቻ ይመስላችኋል?

* * *

ዘርፉ ከስህተቱ ተምሯል። በ2015 ኮፐንሃገን ያሉ ተመራማሪዎች አሉሚኒየምን በኢንዲየም አርሴናይድ ላይ ንጹሕ አድርገው ማሳደግ ችለዋል፤ ቆሻሻው ቀነሰ። አሁን መሣሪያው በሁለቱም ጫፍ መለኪያ ይደረግለታል። እላይ እልልታ ሲሰማ ታችም በዚያው ቅጽበት መሰማት አለበት፤ መሀሉም መፈተሽ አለበት። ማይክሮሶፍትም በ2023 እንዲህ ያለ መፈተኛ አሳተመ። በ2025 ደግሞ ሄንሪ ሌግ የተባለ ፊዚሲስት መፈተኛው ራሱ አያስተማምንም ብሎ ተነሣ። በዚያው ዓመት መጋቢት አናሃይም ላይ በተደረገው የአሜሪካ ፊዚሲስቶች ስብሰባ የማይክሮሶፍቱ ቼታን ናያክ በሰው በተሞላ አዳራሽ ውጤታቸውን አቀረበ። ያላመኑት ሳያምኑ ወጡ። ኩባንያው በአቋሙ ጸንቷል፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

አሁን ወደኔ ዜና ልመለስ። የካቲት 12 ኔቸር ላይ የወጣው የማይክሮሶፍት ጽሑፍ ያሳየው ምንድን ነው? ክሩ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ቁጥራቸው ጎዶሎ ነው ወይስ ጥንድ የሚለውን በአንድ ምት ማንበብ መቻሉን ነው። ማሙሽ «ይሄ ራሱ ቀላል እንዳይመስልሽ» ይላል። ያ የሚነበበው ነገር ማዮራና ይሁን ሌላ ግን ጽሑፉ አይለይም። ከጽሑፉ ጋር በወጣው የገምጋሚዎች ፋይል ውስጥ የመጽሔቱ አዘጋጆች ራሳቸው ይህንኑ አስፍረዋል፤ ውጤቱ በመሣሪያው ውስጥ ማዮራና ስለመኖሩ ማስረጃ አይደለም ብለዋል። ለሁሉም ክፍት በሆነ ፋይል! አንድ ጊዜ መጫን ነበር የሚበቃኝ። ቅቤውን መገልበጥ ማለት ነው።

ጣቢያው እርማት እንዲያወጣ ጠየቅኩ። «ማን ያስታውሰዋል?» ተባልኩ። የሚያስታውሰውን አንድ ሰው እኔ አውቀው ነበር።

* * *

ለመስቀል አገር ቤት ገባሁ። መስከረም 2018 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ የሚያደርሰው መንገድ በዚያ ሰሞን እንዴት እንደሚጨናነቅ ታውቃላችሁ፤ አዲስ አበባ ያለ ጉራጌ ሁሉ ወደ ቤቱ ነው። እስከ አያቴ ቤት ድረስ የማስበው አንድ ነገር ነው። ማሙሽ ሦስተኛ ዓመት ሊገባ ነው፤ የገባው በኔ ዜና ነው። ለአባቴ እውነቱን ከነገርኩት ልጁ መርካቶ ሊወርድ ይችላል። ካልነገርኩት ደግሞ አባቴ ለሚመጣ ለሚሄደው «ተገኝቷል» እያለ ይኖራል። አንድ ቀን ከአጎቴ አፍ ቢሰማው የሚያፍረው እሱ ነው።

የጎመን ክትፎው ተበልቶ፣ ሥጋውም ደርሶ፣ ሰዉ ሁሉ ጀፎሮው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። አባቴ በርጩማው ላይ ነው። ማሙሽ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ያ በሬዲዮ የተናገርኩት ነገር…»

«የማሙሽ ነገር?»

«አዎ። አልተገኘም።»

«ጠፋ?»

«አልጠፋም። መጀመሪያውኑ ለመገኘቱ በቂ ማስረጃ አልነበረም። ተገኘ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ሰዎቹ ዋሹሽ?»

«ውሸት አልለውም። ከባድ ነገር ሠርተዋል። ያ ነገር እሱ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ገና አልታየም ይላሉ።»

«አንቺ ከማን ነበር የሰማሽው?»

«ከሻጩ።»

አየኝ። አባቴ ሲቆጣ አይጮህም፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አልገለበጥሽውም?» አለኝ።

«አልገለበጥኩትም፣ አባዬ።»

ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም። ከዚያ ወደ ማሙሽ ዞረ። «አንተስ? ታውቅ ነበር?»

«ከመጋቢት ጀምሮ» አለ ማሙሽ፣ ከተጋደመበት ቀና ብሎ።

«እያወቅህ ነው የምትማረው?»

«ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ምን ልሠራበት እማራለሁ?»

ከዚያ ማሙሽ ማውራት ጀመረ። በ2023 ዴልፍት ውስጥ ያሉት ሰዎች ሌላ መንገድ መሞከራቸውን ነገረው። ረጅሙን ክር ትተው ሁለት ትናንሽ ነጥቦችን በሱፐርኮንዳክተር አገናኝተው፣ ከሁለት ጀምረው እየቆጠሩ ለመገንባት ሞክረዋል። ያገኙትን ራሳቸው ፊዚሲስቶቹ «የድሃ ማዮራና» ይሉታል። ጥበቃው ደካማ ነው፤ ግን የት ምን እንዳለ ደረጃ በደረጃ ይታወቃል። አባቴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «የድሃ» የምትለዋን ብቻ የሰማ ይመስለኛል። ፈገግ አለ።

ማታ አጎቴ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ደወለ። አባቴ ስልኩን ይዞ ጀፎሮው መሀል ወጣ፤ ድምፁ እስከ በራችን ይሰማል። «ያ ነገር ገና አልተገኘም አሉ» ሲል ሰማሁት። አጎቴ ብዙ ነገር ተናገረ፤ አባቴ ሁሉንም አዳመጠው። ከዚያ «እኮ!» አለው፤ «ስላልተገኘ ነው እንጂ የሚማረው።»

ተመልሶ ሲገባ ለማሙሽ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ትገባለህ» አለው። ስምምነቱ ይኸው ነው። ማሙሽ ተመርቆ ሥራ ያገኛል ወይ? የፊዚክስ ተመራቂ ምን እንደሚገጥመው እናንተም ታውቃላችሁ። አጎቴም ያልተሳሳተበት ነገር አለ። አሁን ግን ልጁ የሚማረው በኔ ወሬ አይደለም።

አንድ ዕዳ ይቀረኛል። ጣቢያው ያላወጣው እርማት ይህ ነው፤ ዘግይቷል፣ ግን ይኸው።

እርማት። የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በቀረበው ዜና «ሳይንቲስቶች አዲስ የቁስ ሁኔታ ፈጠሩ» ተብሏል። መባል የነበረበት፣ «ማይክሮሶፍት አዲስ የቁስ ሁኔታ ፈጥሬያለሁ አለ፤ ጽሑፉን ያተመው መጽሔት አዘጋጆች ግን የቀረበው ውጤት ለዚህ ማስረጃ እንደማይሆን ገልጸዋል፤ በዘርፉ ያሉ ሌሎች ፊዚሲስቶችም ጥያቄ አንሥተዋል» ነበር። ዜናውን የጻፈችው አንዱን ጫፍ ብቻ ሰምታ ነው።